በጸደይ ኦኮኳን ላይ ዓሣ ማጥመድ፦ ወሩን ሳይሆን ውሃውን እዩ

ማርች ገብቶ ሁለት ቀን ፀሐይ ሲወጣ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ኦኮኳን አሁን ይያዛል?» ሌላው ደግሞ ሄዶ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ፣ ባዶ እጁን ተመልሶ ነው የሚደውለው። «አየሩ እንዲህ ሞቆ ዓሣው የት ገባ?» ለሁሉም በየተራ ከምመልስ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

አጭሩ መልስ ይኸው። ዓሣው የአየሩን ሙቀት አያውቅም። የሚያውቀው የውሃውን ነው። ውሃ ደግሞ ቶሎ አይሞቅም። በማርች አጋማሽ አየሩ 75 ፋራናይት ደርሶ እናንተ በቲሸርት ስትቆሙ፣ ውሃው ገና 47 ሊሆን ይችላል። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚዞሩት በዚህ ላይ ነው፤ የውሃውን ሙቀት ማወቅ፣ ከዚያም ዓሣው በዚያ ሙቀት የት እንደሚቆም መገመት።

ኦኮኳን በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በፌርፋክስና በፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲዎች ወሰን ላይ የተኛ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ወደ 2,100 ኤከር ይሆናል። ነገር ግን ክብ ሐይቅ አይምሰላችሁ። ረጅም፣ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ወንዝ ነው የሚመስለው። ቡል ረንና የኦኮኳን ወንዝ ከላይ ይገቡበታል፣ ግድቡ ከታች አለ። ይህ ቅርጹ ከዝናብ በኋላ የት እንደምትቆሙ ይወስናል፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ለእግረኛና ለጀማሪ የሚመቹት መግቢያዎች በፌርፋክስ በኩል ፋውንቴንሄድ ፓርክ፣ በፕሪንስ ዊሊያም በኩል ደግሞ ሌክ ሪጅ ፓርክ ናቸው። በወቅቱ ጀልባም ያከራያሉ። የመክፈቻ ሰዓታቸው ከወር ወር ስለሚለያይ ከመነሳታችሁ በፊት እዩት።

ትኩረቴ ክራፒ የሚባለው ዓሣ ላይ ነው። በጸደይ ራሱ ወደ ዳር ይመጣል፣ በቀላል ዕቃ ይያዛል፣ ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው። የቆሮሶ ጥብስ ያደገበትን ሰው አያሳፍርም። ባስ፣ ብሉጊል፣ ፐርችና ካትፊሽም እዚያው አሉ፤ በየቦታቸው አነሳቸዋለሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ዕቃዎች

- ከ6 ጫማ ተኩል እስከ 7 ጫማ የሚሆን ቀላል ዘንግ ከነስፒኒንግ ሪሉ (ክሩ የሚጠቀለልበት)። ወፍራም የባሕር ዘንግ አይሆንም፤ የክራፒ ንክሻ ስስ ስለሆነ እጃችሁ ላይ አይደርስም።
- 6 ፓውንድ የሚችል ሞኖፊላመንት ክር። ውሃው በጣም ከጠራ 4 ፓውንድ።
- ቀጭን ሽቦ የሆነ መንጠቆ፣ ቁጥር 4 ወይም 6። ቀጭን የሚሆነው ቅርንጫፍ ሲይዘው ስትጎትቱ ተቃንቶ እንዲወጣ ነው።
- በክሩ ላይ ወደላይ ወደታች የሚንሸራተት ቦበር (ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ንክሻን የሚያሳይ)፣ ከነማቆሚያ ክሩና ከነዶቃው።
- በጥርስ ሳይሆን በፒንሳ የምትቆነጠጥ ትንሽ እርሳስ ፍሬ።
- 1/16 እና 1/32 አውንስ ጂግ (ራሱ ላይ ክብደት ያለው መንጠቆ)፣ ባለ 2 ኢንች የፕላስቲክ ጭራ። ነጭና ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ ይበቃሉ፤ ቀለም ማብዛት ለሱቁ ነው የሚጠቅመው።
- ሕያው ሚኖው (ለማጥመጃ የሚሆን ትንሽ ዓሣ) ወይም የመሬት ትል።
- ቴርሞሜትር፣ በ10 ጫማ ሲባጎ የታሰረ። ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ፣ ሰዎች ደግሞ ሁሌ የሚረሱት እሱ ነው።
- ፒንሳ፣ ትንሽ መረብ፣ ሜትር፣ በረዶ የያዘ ኩለር።
- የሕይወት አድን ጃኬት፣ የመዥገር መከላከያ ስፕሬይ፣ የማይንሸራተት ጫማ።

ከመሄዳችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ አደጋዎች

ቀዝቃዛ ውሃ ከሁሉ ይቀድማል። ውሃው ከ60 ፋራናይት፣ ማለትም ከ16 ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሆኖ ድንገት ከገባችሁበት፣ ሰውነት በድንጋጤ ሳይፈልግ አየር ይስባል። ያን ጊዜ አፍ ውሃ ውስጥ ከሆነ ዋና መቻል አያድንም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ እጅና እግር አይታዘዝም። ስለዚህ ጀልባ ላይ ከሆናችሁ ጃኬቱን ልበሱት፤ ከመቀመጫ ሥር ማስቀመጥ እንደሌለው ይቆጠራል። ልጆች ከዳር ሆነውም ቢሆን ይልበሱ። የኦኮኳን ዳር ብዙ ቦታ ላይ ቁልቁል ነው፣ አንድ እርምጃ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ይከታል።

መዥገር ከማርች ጀምሮ ንቁ ነው። የላይም በሽታ የምታስተላልፈው መዥገር ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ቤት ስትገቡ ጉልበት ሥር፣ ብብት፣ የልጆችን ከጆሮ ጀርባ ፈትሹ። በሞቀ ቀን ድንጋይና የወደቀ ግንድ ላይ ኮፐርሄድ የሚባለው መርዛማ እባብ ሊኖር ይችላል፤ እጃችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት ተመልከቱ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን፣ ቆዳ የሚያሳክከውን ፖይዝን አይቪ የሚባል ተክልም አትንኩ።

ነጎድጓድ ከተሰማ ዘንጉን አስቀምጣችሁ ወደ መኪና። ግራፋይት ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ውሃው የመጠጥ ውሃ ነው። የፌርፋክስ ውሃ ድርጅት አጣርቶ ለብዙ የሰሜን ቨርጂኒያ ቤቶች ይልከዋል፤ አሌክሳንድሪያ ወይም ስፕሪንግፊልድ ላሉ አንዳንዶቻችሁ ቡና የሚፈላው በዚሁ ውሃ ሊሆን ይችላል። በዚህም ምክንያት መዋኘት ክልክል ነው፣ የጀልባ ሞተርም ከ10 የፈረስ ጉልበት መብለጥ የለበትም።

ደረጃ 1፦ ፈቃድ አውጡ

ዕድሜው 16 የሞላው ሁሉ የቨርጂኒያ የጨው አልባ ውሃ ዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጎ አውትዶርስ ቨርጂኒያ በሚባለው ድረ ገጽ በስልካችሁ ይወጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ልብ በሉ፤ የሜሪላንድ ፈቃድ እዚህ አይሠራም። ከሌላ ግዛት እንደመጣ ሰው የቨርጂኒያውን ትገዛላችሁ። «ልጄ ነው የሚያጠምደው፣ እኔ ዘንግ ብቻ ነው የያዝኩት» የሚለው ምክንያት ተቆጣጣሪው ፊት አይቆምም። መንጠቆው ውሃ ውስጥ ሆኖ ዘንጉ እጃችሁ ላይ ከተገኘ፣ እያጠመዳችሁ ነው።

ደረጃ 2፦ ከቤት ሳትወጡ ሦስት ነገር እዩ

አንደኛ፣ ያለፉትን ሦስት ሌሊቶች ዝቅተኛ ሙቀት። ሰው ሁሉ የሚያየው የቀኑን ከፍተኛ ነው። ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ግን ሌሊቱ ነው። ቀን 70 ደርሶ ሌሊት 34 ከወረደ፣ ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ይወጣል። ሦስት ሌሊት በተከታታይ ከ50 በላይ ካደረ ግን ውሃው በትክክል እየሞቀ ነው። ያኔ ሂዱ።

ሁለተኛ፣ ነፋሱ። የቅዝቃዜ ግንባር (ብርድ ይዞ የሚመጣ የአየር ለውጥ) አልፎ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከሰሜን የሚነፍስ ቀን ለዓይን ያምራል። ለማጥመድ ግን መጥፎ ቀን ነው። ዓሣው አይጠፋም፣ ወደታች ይወርዳል፣ ግንድ ሥር ይለጠፋል፣ አፉን ይዘጋል። ከዚህ ይልቅ ደመናማ፣ ለብ ያለ፣ ከደቡብ የሚነፍስ ቀን ይሻላል። ሁለት ቀን የደቡብ ነፋስ ከነፈሰ ደግሞ ከላይ ያለውን ሞቃት ውሃ ወደ ሰሜኑ ዳር ገፍቶ ያከማቸዋል።

ሦስተኛ፣ ዝናቡ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ወደ ሐይቁ በሚገቡ ጅረቶች ላይ መለኪያ አለው። ለምሳሌ ሴዳር ረን ላይ ካትሌት አጠገብ ያለውን በስልክ ማየት ይቻላል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከተነሳ፣ ጭቃ እየመጣ ነው።

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት የሐይቁ ቅርጽ እዚህ ላይ ይመጣል። ጭቃው የሚገባው ከላይኛው ጫፍ ነው። ወደ ግድቡ እስኪወርድ ጊዜ ይወስዳል፣ እየሄደም ይዘቅጣል። ስለዚህ ከከባድ ዝናብ ማግስት የላይኛው ክፍል ሻይ በወተት መስሎ፣ የታችኛው ገና ደህና ሊሆን ይችላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ከላይ አዲስ ንጹሕ ውሃ ገብቶ ይጠራል፣ ከታች ጭቃው ይደርሳል። «ትናንት ጓደኛዬ እዚያ ይዞ ዛሬ እኔ ምንም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

ከባድ ጎርፍ ሳይሆን ለስለስ ያለ ሞቅ ያለ ዝናብ ከሆነ ግን አትፍሩት። ጅረቱ ከሐይቁ ይልቅ የሞቀ ውሃና ትል ይዞ ይገባል፣ ዓሣውም ወደ ጅረቱ አፍ ይሰበሰባል።

ደረጃ 3፦ ደርሳችሁ ዘንግ ሳትዘረጉ ሙቀቱን ለኩ

ቴርሞሜትሩን ከእርሳስ ጋር አስራችሁ 3 ወይም 4 ጫማ አውርዱት። ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ቶሎ አውጥታችሁ ወዲያው አንብቡ። የላዩን ውሃ ብቻ ከለካችሁ ትታለላላችሁ። ነፋስ በሌለበት ፀሐያማ ከሰዓት የላይኛው ስስ ሽፋን ከታቹ በብዙ ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። ዓሣው ግን የሚቆመው ታች ነው።

ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ እንዲህ አስቡ (ሁሉም በፋራናይት ነው)፦

ከ45 በታች፦ ክራፒ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ተከማችቷል። ከዳር አትደርሱበትም። ቤት ብትሆኑ ይሻላል፤ ካልሆነ ለቢጫ ፐርች ትል ታች ላይ አሳርፉ። ቢጫ ፐርች ቀድሞ ነው እንቁላል የሚጥለው፣ ቅዝቃዜ አያሸንፈውም።

ከ45 እስከ 50፦ ነጭ ፐርች ወደ ላይኛው ጫፍ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ክራፒ ገና ከ10 እስከ 20 ጫማ ላይ ነው። ጀልባ ላለው ይሆናል።

ከ50 እስከ 58፦ ክራፒ ወደ ወሽመጦቹ አፍ ይመጣል፣ ከ6 እስከ 10 ጫማ ላይ ይቆማል። ቀን ሲሞቅ ይጠጋል፣ ሲበርድ ይሸሻል። ባስም በዚሁ ሰዓት መመገብ ይጀምራል። በዚህ አካባቢ ይህ ብዙ ጊዜ ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ነው።

ከ58 እስከ 66፦ የምትጠብቁት ይሄን ነው። ክራፒ እንቁላል ለመጣል ከ2 እስከ 5 ጫማ ድረስ ይወጣል። ከዳር ሆኖ መወርወር የቻለ ልጅ ሁሉ ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ ነው። የዶግዉድ ዛፎች ነጭ አበባ ሲያብቡ አትተኙ። ከፋሲካ ጋር መገጣጠሙ ደግሞ የኛ ጣጣ ነው፤ ጾሙ ካለቀ በኋላ የሚሄዱ ብዙ ናቸው፣ በአንዳንድ ዓመት ወቅቱ በዚያ መሐል ያልቃል።

ከ68 በላይ፦ ክራፒ ወደ ጥልቁ ይመለሳል። ብሉጊል ቦታውን ይወስዳል፣ ካትፊሽም ይነቃል።

ልዩነቱን ለማወቅ ቢያንስ ሁለት ቦታ ለኩ። በማርች በሁለት ወሽመጦች መካከል የሦስት ዲግሪ ልዩነት ካለ፣ ሞቃቱ ጋ ዓሣ ይኖራል፣ ሌላው ጋ ላይኖር ይችላል። በሜይ ግን ሦስት ዲግሪ ምንም አይለውጥም።

ደረጃ 4፦ የምትቆሙበትን ጥግ ምረጡ

ቀድሞ የሚሞቀው ወሽመጥ የትኛው ነው? ፊቱን ወደ ደቡብ ያደረገ፣ ከሰሜን ነፋስ የተከለለ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ታቹ ጥቁር ጭቃ ወይም ድንጋይ የሆነ። ፀሐይ ሙሉ ቀን ያገኘዋል፣ ጥቁሩ መሬትና ድንጋዩ ሙቀት ይይዛሉ። በጥቅሉ የፌርፋክስ ወገን ዳር ወደ ደቡብ ስለሚያይ በማርች ቅድሚያ የምሰጠው ለእሱ ነው። ሐይቁ ስለሚጠማዘዝ ግን የስልካችሁን ኮምፓስ አውጥታችሁ አረጋግጡ።

ወሽመጡን ካገኛችሁ በኋላ ግንድ ፈልጉ። ኦኮኳን ዳር ዳሩን በወደቁ ዛፎች የተሞላ ነው። ሥሩ መሬት ላይ፣ ጫፉ ውሃ ውስጥ የተዘረጋ ዛፍ ስታዩ ቁሙ። ክራፒ ቅርንጫፍ መሐል ተደብቆ ትንንሽ ዓሣ ይጠብቃል። ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን ከጥልቁ ጋር የሚገናኘው የዛፉ ጫፍ ላይ ነው። ሲሞቅ በግንዱ በኩል ወደ ዳር ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ዛፍ ብቻውን ሙቀቱን ይነግራችኋል፤ የት ላይ እንደነከሰ አስተውሉና ቀጣዩን ዛፍ እዚያው ጥልቀት ላይ ሞክሩ።

አሁን ጥራቱን እዩ። ነጭ ጂግ ቀስ ብላችሁ አውርዱና የት ላይ ከዓይን እንደሚጠፋ ተመልከቱ። ግማሽ ጫማ ሳይሞላ ከጠፋ ቦታ ቀይሩ። ከ1 እስከ 3 ጫማ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ ደማቅ ቀለም ተጠቀሙ። ከ4 ጫማ በላይ ከታየ ዓሣውም እናንተን ያያል። ክሩን አቅጥኑ፣ ነጩን ጂግ ያዙ፣ ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ራቅ በሉ።

ደረጃ 5፦ ክሩን አዘጋጁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

1. መጀመሪያ የማቆሚያ ክሩን በዋናው ክር ላይ አጥብቁ። ጥልቀት የሚወስነው እሱ ነው።
2. ዶቃውን አስገቡ። ዶቃ ከሌለ ማቆሚያው በቦበሩ ቀዳዳ ሾልኮ ያልፋል።
3. ቦበሩን አስገቡ።
4. መንጠቆውን እሰሩ። ክሩን በቀዳዳው አሳልፋችሁ በራሱ ላይ አምስት ጊዜ ጠምዝዙ፣ ጫፉን ቀዳዳው አጠገብ ባለው ቀለበት አስገቡ፣ ከዚያም አሁን በተፈጠረው ትልቅ ቀለበት መልሱት። ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡ። ደረቅ ክር ሲጠብቅ በፍትጊያ ይሞቃል፣ ይዳከማል፣ ትልቁ ዓሣ የመጣ ዕለት እዚያው ላይ ይበጠሳል።
5. ከመንጠቆው 10 ኢንች ያህል ከፍ ብላችሁ እርሳሷን ቆንጥጡ።
6. ቦበሩን ፈትሹ። በትክክል ከተመዘነ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከላይ ትንሽ ብቻ ይታያል። ግማሹ ውጭ ከሆነ እርሳስ ጨምሩ። ክራፒ ሲስበው ከከበደው ይተፋዋል።

ጥልቀቱን ከዓሣው ከፍ አድርጋችሁ አስተካክሉ። የክራፒ ዓይን ወደላይ ነው የሚያየው። ከሥሩ ያለፈ ምግብ አያየውም፣ ቢያየውም ወርዶ አይበላም። 8 ጫማ ላይ ነው ብላችሁ ከገመታችሁ ማቆሚያውን 6 ወይም 7 ላይ አድርጉ።

ሚኖውን በሁለቱ ከንፈሮች ወይም ከጀርባ ክንፉ ሥር በስሱ ውጉት። አከርካሪውን ከነካችሁ ይሞታል፤ የሞተ ሚኖው ደግሞ አይንቀሳቀስም።

ደረጃ 6፦ ወርውሩና ቦበሩን አንብቡ

የመጀመሪያውን ውርወራ ከዛፉ ሦስት ጫማ አርቁት። ከዚያ በየውርወራው ጠጋ እያላችሁ ሂዱ። በመጀመሪያው ውርወራ ቅርንጫፍ መሐል ከከተታችሁት፣ ተይዞ ስታስለቅቁ ዛፉን ሁሉ ታንቀጠቅጡታላችሁ። የሚበላውም ይሸሻል።

ውሃው ከ55 በታች ከሆነ ዝም በሉት። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ስንዝር ያህል ሳብ አድርጋችሁ እንደገና ዝም። ከ60 በላይ ከሆነ ፍጠኑ። አንድ ዛፍ ላይ በሩብ ሰዓት ምንም ካልነካ ወደ ቀጣዩ ሂዱ።

ቦበሩ ቁልጭ ብሎ ሲሰምጥ ማንም ያውቀዋል። የማይታወቀው ሌላኛው ንክሻ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመው ቦበር በድንገት ጎኑ ላይ ይተኛል። ብዙ ሰው «ተያዘ መሰለኝ፣ ታች ነካ» ብሎ ያልፈዋል። የሆነው ግን ይህ ነው፦ ክራፒው ከታች መጥቶ ምግቡን ወስዶ ወደላይ ወጣ፣ እርሳሷንም ተሸክሞ አነሳት። ክብደት ያጣ ቦበር ይተኛል። ያኔ ትርፉን ክር ሰብስቡና ዘንጉን አንሱ።

አንሱ አልኩ እንጂ መንጭቁ አላልኩም። የክራፒ ከንፈር ስስ ነው፣ ብራና ነው ማለት ይቻላል። በኃይል ከሳባችሁ ይቀደዳል። ዘንጉን በእጅ አንጓ ቀስ ብሎ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ዳር ሲደርስም በክር አታንጠልጥሉት፤ መረቡን ከሥሩ አስገቡ።

ደረጃ 7፦ ሰዓታችሁን ምረጡ

«ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ተነስቼ ብሄድስ?» ይሉኛል። በማርችና በኤፕሪል መጀመሪያ አያስፈልግም። ጠዋት ውሃው ከሁሉ የቀዘቀዘበት ሰዓት ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ከአንድ እስከ አምስት ፒኤም፣ ከሁሉ ይሻላል። ቅዳሜ አርፍዳችሁ ተነሱ፣ ቁርስ ብሉ፣ ከዚያ ሂዱ። ሜይ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ ማለዳና ምሽት ነው።

ደረጃ 8፦ የሚቀረውንና የሚለቀቀውን ለዩ

በቨርጂኒያ አጠቃላይ ደንብ ክራፒ ለአንድ ሰው በቀን 25 ነው፣ ባስ 5፣ ብሉጊልና ዘመዶቹ በድምሩ 50። ለአንዳንድ ሐይቅ የተለየ የመጠን ገደብ ይወጣል፣ በተለይ ለባስ። ደንቡ ስለሚሻሻል የቨርጂኒያን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ገጽ ከመሄዳችሁ በፊት ተመልከቱ። ቁጥሩ በሰው ነው፣ በኩለር አይደለም። ሦስት ሰው በአንድ ኩለር ከተጠቀማችሁ የየማን እንደሆነ መናገር መቻል አለባችሁ።

የምትለቁትን እጃችሁን ሳታረጥቡ አትንኩት። ደረቅ እጅ የሚከላከልለትን ልጋግ ይገፈዋል፣ በኋላ ቆዳው ይታመማል።

ረጅም፣ እባብ መሰል፣ ጥርሳም ዓሣ ከያዛችሁ ስኔክሄድ ሊሆን ይችላል። ይበላል፣ ይጣፍጣልም። በሕይወት እያለ ይዞ መሄድ ግን ክልክል ነው። ለመውሰድ ከወሰናችሁ እዚያው ግደሉትና ለመሥሪያ ቤቱ አሳውቁ።

ደረጃ 9፦ በረዶ ላይ አድርጉ፣ ከዚያ አጽዱ

ዓሣውን እንደያዛችሁ በረዶ ላይ። በክር ሰክቶ ዳር ላይ ማሰር ያምራል፣ ግን ቀኑ ሲሞቅ ዓሣው ቀስ ብሎ ይሞታል፣ ሥጋውም ይላላል። ጭቃ ጭቃ የሚል ሽታ አለው ብለው የሚያማርሩ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ በኩለር ሳይሆን በፌስታል ይዘው የሄዱ ናቸው።

ቤት ገብታችሁ ከጭንቅላቱ ጀርባ እስከ ጭራው በአጥንቱ ላይ ቢላዋውን አሳልፉ፣ ቆዳውን ግፈፉ፣ የሆዱን ስብ ቁረጡ። አንዳንድ ኬሚካል የሚከማቸው ስብ ውስጥ ነው። ትልቅና ያረጀ ካትፊሽ ከትንሽ ክራፒ ይበልጥ ያከማቻል። የቨርጂኒያ ጤና መምሪያ የትኛው ውሃ ላይ የትኛው ዓሣ ምን ያህል ይበላ የሚል ዝርዝር አለው፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ሳያየው አይቅመስ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

*አንድ ቦታ ተተክሎ መዋል።* ወንበር ዘርግቶ፣ ቴርሞስ ከፍቶ፣ ጨዋታው ደርቶ ዓሣው እንዲመጣ መጠበቅ። ለካትፊሽ ይሠራ ይሆናል። ክራፒ ግን አይመጣም፣ እናንተ ናችሁ የምትሄዱለት።

*ትልቅ መንጠቆ።* ዓሣው ትልቅ እንዲሆን መንጠቆውን የሚያተልቅ አለ። የሚያገኘው ባዶ መንጠቆ ነው።

*ወደ ውሃው በጣም መቅረብ።* ጥልቀት በሌለው ውሃ ዓሣ የእግር ኮቴ ይሰማዋል። ልጆች ድንጋይ እንዳይወረውሩ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ወይም ለድንጋይ ውርወራ ሌላ ጥግ ስጧቸው።

*ባለፈው ሳምንት በያዘበት ጥልቀት መቆየት።* አንድ የቅዝቃዜ ሌሊት ከ3 ጫማ ወደ 8 ጫማ ይመልሰዋል። ማቆሚያውን በየሩብ ሰዓቱ ማንቀሳቀስ ምንም አያስከፍልም።

*የተረፈ ሚኖው ሐይቁ ውስጥ መድፋት።* ለነፍሱ አዝኖ የሚለቅ ሰው አለ። ከሌላ ውሃ የመጣ ዓሣና በሽታ ወደ መጠጥ ውሃ እየገባ ነው ማለት ነው። ውሃውን መሬት ላይ አፍስሱ፣ የሞተውን በቆሻሻ ከረጢት ጣሉ፣ ወይም ለሚቀጥለው አጥማጅ ስጡት። የተቆረጠ ክርም እንዲሁ፣ ወደ ኪስ። ወፍ ይጠላለፍበታል።

ወቅቱ ካለፈባችሁ

ሜይ አጋማሽ ላይ ሄዳችሁ ቴርሞሜትሩ 70 ካሳየ ክራፒውን እርሱት። መንጠቆውን ወደ ቁጥር 8 ቀይሩ፣ ቦበሩን 2 ወይም 3 ጫማ ላይ አድርጉ፣ ትሏን ሙሉ ሳይሆን የጥፍር ያህል ቆርጣችሁ ስኩ። ከዳር ጥልቀት በሌለው ጠጠራማ መሬት ላይ ክብ ክብ ጉድጓዶች ተደርድረው ታያላችሁ። የብሉጊል ጎጆ ነው። ከጎጆዎቹ መሐል ሳይሆን ከጥልቁ በኩል ካለው ጠርዝ ጀምሩ፤ ትልልቆቹ እዚያ ናቸው። ለልጅ የመጀመሪያ ዓሣ ከዚህ የተሻለ የለም።

ፈቃድ ሳይገዛ መሞከር የሚፈልግ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ጁን ላይ አምጡት። ቨርጂኒያ በወሩ መጀመሪያ ላይ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድን ያለ ፈቃድ ማጥመድ ትፈቅዳለች። የቁጥርና የመጠን ደንቡ ግን በእነዚያም ቀናት እንደጸና ነው።